የመጀመሪያው ኢሜይል ልክ ነበር

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ ጓደኛዬ ነው፤ በአንድ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሌላው አጎቱ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን በዳኝነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ነገር ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የተኙ ይመስላል እንጂ አይተኙም።

ጓደኛዬ አንድ ሥራ ተሰጥቶታል። ለምክር ቤት አባላት በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ስለ ጥቅም ግጭት አንድ ጉዳይ ከነምርመራው ማቅረብ አለበት። «የሰው አገር ይሁን፤ የራሳችንን ካነሳሁ ሥልጠናው ወደ ግምገማ ይዞራል» አለኝ። እኔም የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል የነበረውን የኦወን ፓተርሰንን ጉዳይ ሰጠሁት። የመረጥኩት ሰውየው ከሌላው የባሰ ሆኖ አይደለም። ፋይሉ ክፍት ስለሆነ ነው። ምርመራው ሲያልቅ ውሳኔው ብቻ ሳይሆን ማስረጃው ጭምር ለሕዝብ ወጥቷል። ማን ለማን ምን ብሎ ጻፈ የሚለውን ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል።

ታሪኩን ጀምሬ ገና ሁለት ደቂቃ ሳልቆይ ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቆይ። ገንዘቡን አስመዝግቧል አይደል?»

«አስመዝግቧል፣ ጋሼ።»

«ሕጉ ሌላ ሥራ መሥራት ይፈቅድለታል?»

«ይፈቅድለታል።»

«ታዲያ ምን አጠፋ?»

የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነው። እስኪ ከሥሩ ልጀምር። ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ፓተርሰን ከ1997 ጀምሮ ኖርዝ ሽሮፕሽር የሚባል የገጠር አካባቢ ተወካይ ነበር። ፓርቲው ወግ አጥባቂው ነው። ከ2010 እስከ 2012 የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከዚያ እስከ 2014 የአካባቢ፣ የምግብና የገጠር ጉዳዮች ሚኒስትር ሆኖ ሠርቷል። ምግብ የሚለውን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል። ከሚኒስትርነት ሲወርድ የምክር ቤት ወንበሩ ላይ ቀጠለ። በ2015 ራንዶክስ የሚባል የሰሜን አየርላንድ የላቦራቶሪ ምርመራ ኩባንያ አማካሪ አድርጎ ቀጠረው። ክፍያው በኋላ ላይ በወር 8,333 ፓውንድ፣ ሥራው በወር 16 ሰዓት ሆነ። በ2016 መጨረሻ ላይ ሊንስ ካንትሪ ፉድስ የሚባል የሥጋ ውጤት አምራች ተጨመረ። እሱም የሰሜን አየርላንድ ነው። በየሁለት ወሩ ለ4 ሰዓት ሥራ 2,000 ፓውንድ ይከፍለዋል። ሲደመር በዓመት 112,000 ፓውንድ ይሆናል። በ2021 የአንድ ምክር ቤት አባል ደመወዝ 81,932 ፓውንድ ነበር። ከወንበሩ የሚያገኘው ከጎን ከሚያገኘው ያንሳል ማለት ነው።

ጓደኛዬ እዚህ ጋ «በቃ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ሳቀ። ግን ገና ምንም ጥፋት አልተሠራም። ሁለቱም ሥራዎች የጥቅም መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ማንም ሰው ገልጦ ሊያያቸው ይችላል። ጋሼ የጠየቁትም ለዚህ ነው።

የእንግሊዝ ምክር ቤት ደንብ ሌላ ሥራ መሥራትን አይከለክልም። የሚከለክለው በተከፈለበት ጉዳይ መሟገትን ነው። የሚከፍልህ ኩባንያ እንዲጠቀም ሚኒስትር ቢሮ መሄድ፣ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ መጻፍ፣ ስብሰባ ማስያዝ አይቻልም። ሁለተኛው ግዴታ፣ ጥቅም ባለህ ጉዳይ ላይ ባለሥልጣን ስታነጋግር «እኔ ከዚህ ኩባንያ ይከፈለኛል» ብለህ በዚያው ቦታ መናገር አለብህ። መዝገቡ ላይ ስላለ ሰውየው ያውቃል ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። ሦስተኛው፣ የምክር ቤቱን ቢሮና የምክር ቤቱን ወረቀት ለግል ንግድ አለመጠቀም ነው።

ፓተርሰን ሦስቱንም ጥሷል ተባለ።

ነገሩ በዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ዘገባዎች ወደ አደባባይ ወጣ። ጥቅምት 30 ቀን 2019 የምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚሽነር ካትሪን ስቶን ምርመራ ከፈተች። ይህ ሹመት እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ኮሚሽነሩ የምክር ቤት አባል አይደለም። የሚሾመው ለ5 ዓመት ሲሆን ሹመቱ አይታደስም። አይታደስም የሚለው ዋና ነገር ነው። ነገ እንዲያድሱልህ የምትለማመጣቸው ሰዎች ከሌሉ ዛሬ የምትመረምራቸውን አትፈራም። አቤቱታ ማንም ሰው ማቅረብ ይችላል። ግን ስሙን ገልጾ፣ ማስረጃ አያይዞ ነው፤ ስም የሌለው ደብዳቤ አይቀበሉም። ኮሚሽነሩ በራሱ ተነሳሽነትም መክፈት ይችላል። ጥፋቱ ቀላል ከሆነ አባሉ አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ መዝገቡን አስተካክሎ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። ከከበደ ግን ኮሚሽነሩ ያገኘውን ጽፎ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ይልካል። ኮሚቴው 14 ሰው ነው። 7ቱ የምክር ቤት አባላት፣ 7ቱ ደግሞ ከውጭ የመጡ ተራ ዜጎች ናቸው።

አሁን ወደ ወተቱ።

ራንዶክስ በሱፐርማርኬት የሚሸጥ ወተት መርምሮ የአንቲባዮቲክ ቅሪት አገኘበት። ላሟ ስትታመም የሚሰጣት መድኃኒት ማለት ነው፤ ከወተቱ ጋር ወደ ልጅ ሆድ ይገባል። እኛ ሰፈር ወተት የሚያመጡልን እማማ ላም ሲታከም ለስንት ቀን ወተቱ እንደማይሸጥ ልቅም አድርገው ያውቃሉ። ስለዚህ ይህ ነገር ለማንም ግልጽ ነው። ፓተርሰን ውጤቱን ይዞ በኅዳር 2016 ለምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ አሳወቀ። ወተቱ ችግር አለበት፣ እዩት አለ።

«ጎበዝ!» አሉ ጋሼ። «ይሄማ ግዴታው ነው።»

ምርመራውም ያለው ይህንኑ ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው። ደንቡ አንድ መውጫ በር አለው። አባሉ ከባድ ጥፋት ወይም ግልጽ በደል ካየ፣ የሚከፍለው ኩባንያ እግረ መንገዱን ቢጠቀምም እንኳ ለባለሥልጣን ማሳወቅ ይችላል። ስለ ወተቱ ያደረገው የመጀመሪያ ግንኙነት በዚህ በር የሚያልፍ ሆኖ ተገኘ። ወተቱን በተመለከተ ሰውየው ልክ ነበር።

ችግሩ በዚያ አለማቆሙ ነው። ወተቱ ችግር እንዳለበት ከተነገረ በኋላ ጉዳዩ የኤጀንሲው ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ግንኙነቶች ግን ወተቱን ትተው የራንዶክስን የመመርመሪያ ቴክኖሎጂ ማሳየት ጀመሩ። እነሱ የተሻለ መሣሪያ አላቸው፣ አግኙዋቸው ዓይነት ነገር። አዳማጩ ያው መሥሪያ ቤት፣ ተናጋሪውም ያው የቀድሞ የምግብ ሚኒስትር ነው። የተለወጠው የሚሸጠው ነገር ነው። መጀመሪያ የሚጠበቀው የሕዝቡ ጤና ነበር፤ በኋላ የኩባንያው ገበያ ሆነ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚባለው ይኸው ነው። ውሻው ሌባ አይቶ ከሆነ የጮኸው ደግ አደረገ። ሌባው ከሄደም በኋላ መጮሁን ከቀጠለ ግን ጌታውን ደስ ለማሰኘት ነው።

ቆጠራው እንዲህ ነው። ስለ ራንዶክስና ስለ ወተት ለኤጀንሲው 3 ጊዜ። ስለ ሊንስ ለዚያው ኤጀንሲ 7 ጊዜ። ስለ ራንዶክስ የደም ምርመራ ቴክኖሎጂ ለዓለም አቀፍ ልማት ሚኒስትሮች 4 ጊዜ። በጠቅላላ 14 ሆነ፤ ያ የተፈቀደው የመጀመሪያው ግንኙነት ሳይቆጠር ማለት ነው። በአራት ኢሜይሎች ላይ ደግሞ ለኤጀንሲው ሠራተኞች ሲጽፍ ጥቅሙን አልገለጸም። የምክር ቤት ቢሮውን ከደንበኞቹ ጋር ለመሰብሰቢያ ተጠቅሟል። የምክር ቤቱ ዓርማ ባለበት ወረቀትም ሁለት የንግድ ደብዳቤ ጽፏል።

ስለ ወረቀቱ ሲሰማ ጓደኛዬ «እሱማ ቀላል ነው» አለ። ጋሼ አልተስማሙም። «ዓርማ ያለበት ወረቀት የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ዓርማውን ነው» አሉ። «ከሥር የተጻፈውን የሚያነበው ከፈራ በኋላ ነው።»

ፓተርሰን ጥፋቱን አላመነም። እስከ መጨረሻው። ያደረግኩት ሁሉ የሕዝብን ጤና ለመጠበቅ ነው አለ። 17 ምስክር አቀረብኩ፣ አንዱንም አልጠሩልኝም ብሎ አማረረ። ይህ ክስ ሰው ጆሮ ላይ ከባድ ነው፤ ዳኛ ለነበሩት ለጋሼም ከበዳቸው። ኮሚቴው ግን የምስክሮቹን የጽሑፍ ቃል አንብቤዋለሁ አለ። የሚጠየቀው ጉዳይ ደግሞ ሰውየው ምን አሰበ ሳይሆን ኢሜይሉ ላይ ምን ጻፈ የሚል ነው። ጽሑፉ እጅ ላይ አለ። እኔ በበኩሌ ይህ ሙግት ኮሚሽነሯን ትክክል ያደርጋል ባይ ነኝ። ቢሆንም ከምስክሮቹ ጥቂቶቹን ጠርታ ብትሰማቸው ኖሮ በኋላ የመጣው ጩኸት ግማሹ ባልተነሳ ነበር።

መሐል ላይ አንድ ከባድ ነገር ሆነ። በሰኔ 2020 የፓተርሰን ባለቤት ሕይወቷን በራሷ እጅ አጣች። የምርመራው አካሄድ ለሞቷ ምክንያት ሆኗል ብሎ ያምናል። ኮሚቴው ሐዘኑን እንደ ማቅለያ ወስዶታል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ምርመራው ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጥቅምት 26 ቀን 2021 የኮሚቴው ሪፖርት ወጣ። ቅጣቱ ለ30 የሥራ ቀን ከምክር ቤት መታገድ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ በርናርድ ጀንኪን የፓተርሰን ወዳጅ ነው። ጓደኛዬ ነው፣ እኔ አልፈርድበትም ብሎ ራሱን ከጉዳዩ አገለለ። የጥቅም ግጭት በሚመረመርበት ክፍል ውስጥ የጥቅም ግጭት እንዴት እንደሚያዝ አሳየ ማለት ነው። ሥልጠናው ላይ ከሁሉ በላይ ይህን አንሳ አልኩት ለጓደኛዬ። ሰዎች የሚያስታውሱት ጥፋተኛውን ነው፤ ተነስቶ የወጣውን ማንም አያስታውሰውም።

30 ቀን ትንሽ ይመስላል። ግን በስተጀርባው ሌላ ሕግ አለ። በ2015 በወጣ ሕግ አንድ አባል በኮሚቴው ሪፖርት መነሻነት ለ10 የምክር ቤት የሥራ ቀናት ወይም ከዚያ በላይ ከታገደ በምርጫ ክልሉ የመልሶ መጥራት ፊርማ ይከፈታል። በ6 ሳምንት ውስጥ ከመራጮቹ 10 በመቶ ከፈረሙ ወንበሩን ያጣና ምርጫ እንደገና ይካሄዳል። ኮሚቴው ሰውየውን አያባርርም። ጉዳዩን ወደ ላከው ሕዝብ ይመልሰዋል።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 54 ስለ ምክር ቤት አባላት ይደግመዋል። አዋጅ 668/2002 (ይህ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) ደግሞ ተመራጩም ተሿሚውም ሀብቱን እንዲያስመዘግብ፣ በየሁለት ዓመቱም እንዲያድስ ያዛል። ስለዚህ ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ልዩነቱ» አሉ ጋሼ «እነሱ ጋ አንዱ ሕግ ሌላውን ይጎትታል። እገዳው ፊርማውን ይጎትታል፣ ፊርማው ምርጫውን። እኛ አንቀጹን ጽፈን ገመዱን አላሰርነውም።» እኔ እንኳ እንዲህ አምርሬ አልናገርም። ግን አልተከራከርኳቸውም።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ የመጣው ነገር ከራሱ ከጥፋቱ የባሰ ነው። ኮሚቴው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ የሚያጸድቀው ሙሉ ምክር ቤቱ ነው። በአብዛኛው ያለ ብዙ ክርክር ያልፋል። ኅዳር 3 ቀን ግን የፓተርሰን ፓርቲ የሚመራው የቦሪስ ጆንሰን መንግሥት የፓርቲው አባላት በሙሉ አንድ ማሻሻያ እንዲደግፉ አዘዘ። የዚያው ፓርቲ ተወካይ አንድሪያ ሌድሶም ያቀረበችው ማሻሻያ እገዳውን ያቆማል፤ የምርመራ ሥርዓቱንም የሚያይ አዲስ ኮሚቴ ያቋቁማል። አዲሱ ኮሚቴ ውስጥ ብልጫው የገዢው ፓርቲ ነው። ሥርዓቱ ይግባኝ ያንሰዋል የሚለው ሐሳብ ራሱ የማይረባ አልነበረም። የተነሳበት ቀን ነው ያስነወረው። ጨዋታው አልቆ ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ ሕጉን እንቀይር እንደማለት ነው፣ ለተሸነፈው ወዳጅ ሲባል።

250 ለ232 አለፈ። ከራሱ ከገዢው ፓርቲ 13 ሰው እምቢ ብሎ ተቃወመ። ብዙዎች ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ።

ያ ድል አንድ ቀን አልሞላውም። ተቃዋሚዎቹ በአዲሱ ኮሚቴ አንቀመጥም አሉ። ጋዜጦቹ፣ መንግሥትን የሚደግፉት ሳይቀሩ፣ ጮኹ። ኅዳር 4 ጠዋት መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ። ፓተርሰን ይህን የሰማው ሱፐርማርኬት ውስጥ ሆኖ ነው፤ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ደውሎ ጠየቀው። ትናንት ለሱ ብለው ድምፅ የሰጡት ሰዎች ዛሬ ወደ ኋላ መመለሳቸውን የነገረው የገዛ ፓርቲው ሰው አልነበረም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው በእንግሊዝም ይሠራል። በዚያው ዕለት ከሰዓት ከምክር ቤት አባልነቱ እንደሚለቅ አስታወቀ። ኅዳር 16 ምክር ቤቱ የቀደመውን ውሳኔውን ሽሮ የኮሚቴውን ሪፖርት ያለ ድምፅ ቆጠራ ተቀበለ። ሰውየው ግን ሄዷል፤ የሚታገድ አልነበረም።

ታኅሣሥ 16 ኖርዝ ሽሮፕሽር ላይ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። በ2019 ፓተርሰን በ22,949 ድምፅ ብልጫ ያሸነፈበት ቦታ ነው። አሁን የሊበራል ዴሞክራቷ ሔለን ሞርጋን በ5,925 ብልጫ ወሰደችው። የመልሶ መጥራት ፊርማ ሳይከፈት ሕዝቡ ያለውን አለ።

ይግባኝ ያንሳል የተባለውም በኋላ በወጉ ተስተካከለ። ከ2022 ጀምሮ በኮሚቴው ውሳኔ ያልተደሰተ አባል የምክር ቤት አባላት ለሌሉበት ገለልተኛ የባለሙያዎች ጉባኤ ይግባኝ ይላል። ፓተርሰን ራሱ ጉዳዩን ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር። በ2024 ተቀባይነት የለውም ተባለ።

ታሪኩን ስጨርስ ከዘጌ የምትመለስ ጀልባ ዳር እየያዘች ነበር። ጋሼ በዓይናቸው ተከተሏት።

«በል እስኪ» አሉ ጓደኛዬን። «አንድ የምክር ቤት አባል ጀልባ አለው እንበል። አስመዝግቧል። ምክር ቤቱ የወደቡን ክፍያ ሊወስን ነው። ሰውየው ምን ያደርጋል?»

«ጥቅም አለኝ ብሎ ይናገራል።»

«ከዚያስ?»

«ድምፅ አይሰጥም።»

«አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ?»

ጓደኛዬ ዝም አለ። ጋሼ ሻያቸውን ጨለጡ። ዳኛ እያሉ የጎረቤታቸው የድንበር ክርክር እሳቸው ችሎት ላይ መጣ። ራሳቸውን አገለሉ። ግን ጉዳዩ በሌላ ዳኛ እየታየ ሳለ ችሎቱ ጥግ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አለቃቸው ጠርቶ «አንተ እዚያ ስትቀመጥ ያ ዳኛ አንተን እያየ ነው የሚፈርደው» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ወጥተው የሚሄዱት እስከ ግቢው በር ነው።

«አንተ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነህ» አሉት። «ተናገረ ብለህ ብቻ አትጻፍ። ወጣ ብለህ ጻፍ። ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣም ጻፍ። ወጣሁ ያለ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ተመልሶ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው።»

ሥልጠናው አለፈ። ጓደኛዬ እንደነገረኝ አብዛኛው ሰው የጠየቀው ስለ ገንዘቡ ነው። 16 ሰዓት ሠርቶ 8,333 ፓውንድ! አዳራሹ ለአፍታ ተንጫጫ። ስለ ጀንኪን ማንም አልጠየቀም። ሻይ ዕረፍት ላይ ግን አንዲት የምክር ቤት አባል ጥግ ይዘው ጠሩት።

«ልጄ፣ ወንድሜ ሐይቁ ዳር ትንሽ ቦታ አለው። በሚቀጥለው ስብሰባ የሐይቁ ዳርቻ ጉዳይ ይነሳል። እኔ ምንም አልናገርም፣ ዝም ብዬ ብቀመጥ ይበቃል?»

ያለውን ነገራቸው። ስለ ጋሼ ችሎትም ነገራቸው።

የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ እሱ ነው የያዘው። አጀንዳው ሲደርስ ሴትዮዋ እጃቸውን አወጡ፤ የወንድማቸውን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ከ5 ሰዓት ከ10 እስከ 5 ሰዓት ከ50 ውጭ እንደነበሩ ተጽፏል።